ከእንገር በፊት የነበሩ ዘበኞች

እኔን ብሎ የምርምር ሰው። ጠላ ጠምቄ ልጆች ያሳደግሁ፣ ፊደል ቢያሳዩኝ ዶሮ የጫረችው ነው ብዬ የማልፍ ሴትዮ፣ የዓሣ ደምና የእንቁራሪት ደም ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ማንም በገመድ አልጎተተኝም። በእግሬ ሄጄ፣ በአፌ ለምኜ ነው የገባሁት። ትልቁ ልጄ "የሰው እናት በእርጅናዋ ትመነኩሳለች፣ የእኛዋ እንቁራሪት ታጥባለች" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስቅብኝ ከረመ። እውነቱን ነው፣ አጥቤያለሁ። እንቁራሪት ስትታጠብ እንዴት እንደምትኮራ ግን እሱ አያውቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴማ ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው። የልጅ ልጄ ስልኳን አፌ ሥር ደቅና "እማማ፣ ከሥራሽ መጀመሪያ ተነሺና እስክትጨርሺ አውሪ" አለችኝ። እስክትጨርሺ ያለችውን ገና ትጸጸትበታለች።

ሥራ የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጫጩት አሳድገው ለገበሬ የሚያከፋፍሉበት አንድ ቤት ጽዳት ሆኜ ገባሁ። አለቃዬ ሰላምታ የሚያስከፍል የሚመስለው ሰው ነበር። ጠዋት "እንዴት አደሩ" ስለው ዶሮዎቹን እያየ "ደህና" ይለኛል። እኔም የመለሱልኝ ዶሮዎቹ ናቸው ብዬ ወደ እነሱ ዞሬ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ግን አልዋሽም፣ ዶሮ ማየትን ያስተማረኝ እሱ ነው። የታመመችውን ሳይሆን ልትታመም ያሰበችውን ዶሮ ያውቃል። "አንገቷን እይ፣ ክንፏ እንዴት እንደ ወረደ እይ፣ ከጓደኞቿ በየት በኩል እንደ ቆመች እይ" ይለኝ ነበር። ደሞዙን አትጠይቁኝ። ከእነሱ እጅ ወደ ባለሱቁ እጅ ነበር የሚሄደው፣ እኔ መንገዱ ነበርኩ።

ቆይቶ ልጄ ቡሬ ስታገባ ተከትያት ሄድኩ። ቡሬ ታውቁት የለ፣ የእህል ነጋዴና የባጃጅ ጩኸት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሰዎች የእንስሳት ደም የሚመረምሩበት ቤት ተከፈተ ሲባል ሰማሁ። ሰፈራችን ግማሹ ጠንቋይ ቤት ነው አለ፣ ግማሹ ቄራ ነው አለ። እኔ ሥራ አለ ወይ ብዬ ሄድኩ።

በሩ ላይ አንድ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሞ አገኘሁ። ዶክተር ሙሉቀን የሚባለው እሱ ነው።

"ዶሮ ይፈራሉ?" አለኝ።

"የምፈራስ ፎርም ነው" አልኩት።

ሳቀ። ፎርሙ ግን አልቀረልኝም፣ ሙሉ አሉኝ፤ አውራ ጣቴን ሞላሁላቸው። እንዲህ ሆኜ የእንስሳት ተንከባካቢ ተባልኩ።

ዶክተር ሙሉቀን የጎንደር ሰው ነው፣ አባቱ ቄስ ናቸው። መጀመሪያ አንቱ እለው ነበር፤ "እማማ አንጓች፣ እናቴ ብትሰማዎት ትቆጣዎታለች" ሲለኝ አንተ አልኩት። እሱ ግን እኔን እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳለኝ ነው። የዚህን ሰው ዓመል ልንገራችሁ። እንስሳ ከመንካቱ በፊት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል። ዶሮም ትሁን፣ ጥጃም ትሁን፣ ቀዝቃዛ እጅ አያስነካትም። ከዚያ ጎንበስ ይልና ቀስ ብሎ "አሁን ትንሽ እወጋሻለሁ፣ ታገሺኝ" ይላታል። እጁን ሲታጠብ "አባታችን ሆይ" ይልና፣ "አሜን" ሳይል ሳሙናውን አያስለቅቅም። እኔንም እንዲያው አስለመደኝ። ጣቶቻችን መሃል ሳይቀር ጸሎት ደርሶባቸዋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን "አላውቅም" ለማለት አያፍርም። የጠየቅሁትን ካላወቀ ራሱን እያከከ "አላውቅም እማማ፣ እናያለን" ይላል። እኔ ይህን ከተማረ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ ሆን ብዬ የማያውቀውን እፈልግ እንደነበር። "ዓሣ ያዛጋል ወይ?" ስለው ከሰዓቱን ሁሉ ገንዳው ላይ አፍጥጦ ዋለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዶሮይቱን በነጠላዬ ጥቅልል አድርጌ ዓይኗን እሸፍናለሁ፣ ጨለማ ሲሆንባት ትረጋለች። ክንፏን ዘርጋ ሳደርገው ከሥሩ ሰማያዊ ደም ሥር ይታያል። እሱ በዚያች ይቀዳል። ደሙ የሚገባበት ብልቃጥ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለበት። ብልቃጡን መነቅነቅ ነውር ነው፤ ቀስ አድርጎ ማገላበጥ ብቻ። "ሕፃን እንደሚያስተኙ ያድርጉት" ይለኛል። ከዚያ ከአንድ ወፈር ያለ ፈሳሽ ላይ ደሙን በጠርዝ በጠርዙ ያፈሰዋል፣ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ተነባብረው ይቀመጣሉ። ያንን የሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ያስገባዋል። ሲወጣ ቀዩ ሁሉ ታች ወርዷል፣ ላዩ ጠርቷል፣ መሃል ላይ አንዲት ነጭ ቀለበት አለች። የጉም ክር የምታህል።

"ይህማ ጠላ ነው" አልኩ። "አተላው ታች፣ ጥሩው ላይ።"

"ልክ ነው" አለኝ። "እኛ የምንፈልገው ግን መሃሏን ነው። ዘበኞቹ ያሉት እዚያ ነው።"

ዘበኞች ያለኝ ያን ቀን ነው። ሰውነት እንደ ግቢ ነው አለኝ። ዘበኛ ሞልቶታል። አብዛኞቹ ጠንቃቆች ናቸው፤ ሌባው ቢገባ እንኳ አንድ ሌላ ሰው የሌባውን ቁራጭ ልብስ በሰሃን አድርጎ ካላቀረበላቸው አይነሱም። ያዩትን ያጣራሉ፣ ይባዛሉ፣ ከዚያ ይዘምታሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ግን ቀን ይፈጃሉ። ሌሎች ግን አሉ አለኝ። ሰሃን የማይጠብቁ፣ ቆዳ ሥር፣ አንጀት ዙሪያ፣ ሳንባ ውስጥ የሚያድሩ። ግድግዳው ሲጎዳ፣ ቤቱ ሲጨነቅ ጭንቀቱን ራሱን አይተው የሚነሱ።

"እነሱ የእኔ ዓይነት ናቸዋ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ" አልኩት።

"ገብተዋል እማማ። ግን ፈተናቸው ሌላ ነው" አለና ሳቀ። "ስለ እነሱ የምናውቀው ጥቂት ነው። እኔ እዚህ የመጣሁት ለእነሱ ነው።"

አንድ ቀን ክፍሉን አጨልሞ አጉሊ መነጽሩ ላይ አስጠጋኝ። በእነዚያ ዘበኞች ላይ ብቻ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም ቀብቷቸዋል። አየሁ። ጥቁር ሰማይ ላይ አረንጓዴ ከዋክብት። የዚያች ነጠላዬን የቀደደችብኝ፣ ጥሬ የምትሰርቅብኝ ሌባ ዶሮ ደም ነው ይህ። ዶሮይቱን ወዲያ ሄጄ አየኋት፣ ጥሬ ትለቅማለች፣ ውስጧ ሰማይ እንዳለ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ አልሰደብኳትም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አላስተኛኝ አለ። ብር ከሚባለው ወንዝ ዓሣ አመጡ። ለዓሣው የሚሆን ቀለም አልነበረም፤ ደሙን የዘር ጽሕፈት የሚያነብ መሣሪያ ወዳለበት ሩቅ አገር ላከው። ስንጠብቅ ከረምን። መልሱ ሲመጣ ዶክተሩ እየሮጠ ዶሮ ቤት መጣ፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

"አሉ" አለኝ። "ዓሣው ውስጥ አሉ።"

የእንቁራሪቷም መጣ፣ አሉ። የጥጃውማ አይነገርም፣ ጥጃ ሲወለድ ደሙ በእነሱ የተሞላ ነው። "ባሕር ውስጥ ያሉት ጥርሳሞቹ ትልልቅ ዓሦችም አላቸው" አለኝ። "እግር ያለው ነገር ወደ ደረቅ ምድር ሳይወጣ፣ ላባ ሳይበቅል፣ ወተት የሚባል ነገር በዓለም ላይ ሳይኖር እነሱ ነበሩ። ቤቱ ሲለዋወጥ፣ ክንፍ ሲሆን፣ ሰኮና ሲሆን፣ እጅ ሲሆን፣ እነሱ ከቤቱ ጋር መጡ።"

እኔ ያን ጊዜ የያዝኩትን ባልዲ ማስቀመጥ ረስቼ ቆሜያለሁ። እጄ ዝሎ ነው ያወቅሁት።

"የእኔስ?" አልኩት።

እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። አሞቀና ክንዴን ያዘ። "ትንሽ እወጋዎታለሁ፣ ይታገሱኝ" አለኝ፣ ልክ እንደ ዶሮይቱ። በማግስቱ የራሴን ደም አየሁ። ጨለማ ነው፣ ጨለማ ነው፣ እዚህ አንድ አረንጓዴ፣ እዚያ አንድ አረንጓዴ።

"ምነው ለዶሮ ብዙ፣ ለእኔ ጥቂት?"

"በሰው ደም ውስጥ ጥቂት ናቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

"ለዚያች ሌባ ዶሮ ይህን ሁሉ፣ ልጆች ላሳደግሁት ለእኔ ለዓይነት ያህል" ብዬ አኮረፍኩ። ማኩረፌ ግን ከአፍ ነው። ቤቴ ሄጄ ክንዴን እያየሁ ተቀመጥኩ። ዓሣው ውስጥ የነበረው እኔ ውስጥ አለ። የንስሐ አባቴን እንኳ ጠየቅኳቸው። "አባቴ፣ ዓሣ ዘመዴ ነው እንዴ?" አልኳቸው። እሳቸውም "እግዚአብሔር አንዴ አሳምሮ የሠራውን ዘበኛ በየበሩ ቢያቆም ምን ይገርምሻል?" አሉኝና በመስቀላቸው ባረኩኝ። ይህንን ለዶክተሩ ብነግረው "አባቴም እንዲሁ ይሉ ነበር" አለኝ።

ደግሞ እንሽላሊቷ። ዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ አንዲት እንሽላሊት ነበረች፤ የእሷም ደም ተላከ። መልሱ ባዶ ነው። እንሽላሊትና እባብ ዘበኞቹን ጥለዋቸዋል። የቀድሞ አያቶቻቸው ዘበኞቹ ነበሯቸው፣ እነሱ ግን የሏቸውም።

"እባብ ሔዋንን ስላሳተች ተነጥቃ ነው" አልኩ።

"እሱን አላውቅም። የገረመኝ ያለ እነሱ መኖሯ ነው" አለኝ። እኔም ገረመኝ። ከዚያ በኋላ ያቺን እንሽላሊት ሳያት፣ በር ክፍት አድርጋ የምትተኛ ጎበዝ ሴት መሰለችኝ።

እስካሁን ሳቁ ነው። አሁን ደግሞ ያለቀስንበትን ልናገር።

ደብሬ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፣ አጥራችን አንድ ነው። ባሏ የሞተባት፣ አፏ እንደ መጅ የከበደ፣ ልቧ ግን ቅቤ ነው። አንዲት ላም ነበረቻት፣ ስታረግዝ ስትጨነግፍ የኖረች። በመጨረሻ ላሚቱ ቀኗን ገፋች። ደብሬ ያንን ጽንስ እንደ ልጅ ልጅ ነበር የምትጠብቀው፤ ጊደር ከወለደችልኝ ደጄ አይዘጋም ትል ነበር።

ዶክተሩ ደግሞ አንድ ነገር ቸግሮታል። ጥጃ ሲወለድ የራሱ ዘበኞች እንዴት እንዳሉ ማየት የሚፈልገው እንገር ሳይቀምስ ነው። እንገር፣ የመጀመሪያው ወተት፣ የእናቲቱን ዘበኞችና የእናቲቱን ጋሻ ለጥጃው ይዞ ይገባል፤ አንዴ ከገባ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። እኛ ዘንድ ደግሞ ትኩስ ጥጃ ለባዕድ ዓይን አይታይም። የዘመድ ሰው እንኳ ዓይኑ ይፈራል። በየቀበሌው ለምኖ ለምኖ የሚያሳየው አጣ። እኔ ደብሬን ለመንኳት።

"ዓይናቸው እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ገና ሳያያት እጁን የሚያሞቅላት ሰው ነው" አልኳት።

በዚህ ተረታች። ዶክተሩ ራሱ መጥቶ ደጇ ላይ ቆሞ አነጋገራት። "እትዬ ደብሬ፣ ላሚቱ ስትወልድ ወዲያው ይላኩብኝ። ጥጃው ደሙ ሳይወሰድ አንዲት ጠብታ እንገር እንዳይቀምስ" አላት። ከዚያ እየሳቀ፣ የአባቱን ድምፅ አስመስሎ፣ ጣቱን አንሥቶ "ገዝቻለሁ" አለ። እኔ ሳቅሁ። ደብሬ አልሳቀችም።

የእኛን አገር ለማያውቅ ልንገር። ግዝት ቀልድ አይደለም። የገዘተ ራሱ "ፈትቻለሁ" እስኪል ድረስ ያ ነገር አይነካም። ዶክተሩ የቄስ ልጅ ነው፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ግን ከአባቱ ቤት ከወጣ ቆይቷል፣ ነገሩ ለእሱ የልጅነት ጨዋታ ሆኗል።

ላሚቱ ጠዋት ወለደች፣ ጊደር። ደረቷ ላይ ነጭ ያላት፣ የተዋበች። ተላከብን፣ በባጃጅ በረርን። ዶክተሩ እጁን አሞቀ፣ "ታገሺኝ" አላት፣ ቀዳ። ዘበኞቹ በሕይወት መድረስ አለባቸው፣ ሙቀት ከበዛ ይሞታሉ። ብልቃጡን ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ውስጥ አደረግን፣ ሣጥኑን እኔ ታቀፍኩ፣ ባጃጁ ላይ ተመልሰን ወጣን። "እግዜር ይስጥልን" ብሏታል። "ፈትቻለሁ" አላላትም። ደም ተወስዶ አበቃ፣ ጥጃይቱ እንደምትጠባ ለእሱ የታወቀ ነው።

ሥራ ቦታችን፣ እንስሳት ቤቱ፣ እንደ ደረስኩ ደምበጫ ያለች አክስቴ አረፈች ብለው ደወሉልኝ። በዚያው ሚኒባስ ይዤ ለቅሶ ሄድኩ። የተመለስኩት በማግስቱ ከሰዓት ነው። ደብሬ ደጄ ላይ ቁጭ ብላለች። ፊቷ የሌላ ሰው ሆኗል።

"አንጓች፣ ሰውየው መቼ ነው የሚፈቱት?"

"ምኑን?"

"ግዝቱን። ጥጃይቱ መቆም አቃታት። እንገሩን አልቤ በቅል አስቀምጬዋለሁ። ትናንት እንስሳት ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ሥራ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ አለኝ። ተመለስኩ።"

ደብሬ ከብት ታውቃለች፤ እንገር ያጣ ጥጃ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች። እያወቀች፣ ጥጃይቱ ጣቷን ስትጠባ እያየች፣ ቅሉን አጠገቧ አስቀምጣ አደረች። ውኃ ብቻ በጣቷ ስታቀምሳት አድራለች። አፈረሰችው እንዳትባል አይደለም፤ ግዝት አፍርሳ ጥጃይቱ ብትቀሠፍስ ብላ ነው የፈራችላት።

ዶክተሩን ስልክ ደወልኩለት። ነጭ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጣ። በሩ ላይ እንደ ደረሰ "ፈትቻለሁ፣ ፈትቻለሁ" እያለ ነው የገባው። እንገሩን አጠጣናት። ጠጣች። ዶክተሩ ግን ፊቱ አልተፈታም። እንገር የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ከዚያ የጥጃ አንጀት በሩን ይዘጋል፣ ወተቱ ወተት ብቻ ይሆናል አለኝ፣ ደብሬ እንዳትሰማ በጆሮዬ።

ተቅማጥ ጀመራት። ዶክተሩ መድኃኒቱን፣ ጨውና ስኳሩን እያጠጣ ከጋጣው አልወጣም። እኔና ደብሬ በየተራ ጭንቅላቷን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ደብሬ አልጮኸችም። ያንን ነጭ ደረቷን በእጇ ጠረገችና ተነሥታ ላሚቱን ልታልብ ሄደች፤ ላሚቱ ግን ወተቷን ከለከለቻት። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ዶክተሩ በማግስቱ መጣ። ሽማግሌ አልላከም። ደጇ ላይ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በርጩማ ስታወጣለት እንቢ አለ።

"እትዬ ደብሬ፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ። በማይቀለድበት ቀለድኩ፣ ያሰርኩትን ሳልፈታ ሄድኩ።"

ከዚያ እሱ አንድ ነገር ነገራት፤ እኔማ ምነው ባልተናገረው ብዬ ነበር። "ደሟ ውስጥ የነበሩት ዘበኞች አሁንም በሕይወት አሉ" አላት።

"የማን?"

"የጥጃይቱ።"

ደብሬ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። "አሳየኝ" አለች። አንቱታው የቀረ ያን ጊዜ ነው።

ሦስታችንም በባጃጅ ሄድን። ክፍሉን አጨለመ። ሙቀት ከሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ አንዲት ሰሃን አወጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ደብሬ ጎንበስ አለች። ቆየች። እኔም ከኋላዋ አየሁ። ያ አረንጓዴ ሰማይ ነው፣ ግን ከዶሮይቱም የበለጠ የተሞላ። ይንቀሳቀሳሉ። ዝም ብለው አልቆሙም፤ ቀስ ብለው እየተሳቡ ይፈትሻሉ፣ ይነካሉ፣ ይመለሳሉ። ጥጃይቱ ከግቢያችን ጀርባ ተቀብራለች፣ እነዚህ እዚህ ጥበቃ ላይ ናቸው። ፀጉሬ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲያ የቆመልኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ደብሬ ቀና አለች። "ይህን ያህል ሆነው፣ ምነው አላዳኗት?"

ዶክተሩ አላውቅም ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። "ብቻቸውን አይችሉም" አላት። "ወተት ሳይኖር የነበሩ ናቸው፣ ከእኛ ሁሉ የቀደሙ ናቸው፤ ለጥጃ ግን እናቷ እንገር ካልጨመረችላቸው ብቻቸውን አይችሉም። ያንን የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

ደብሬ እንደገና ጎንበስ ብላ አየች። "ደህና ሁኑ" አለቻቸው። ለእሱ አይደለም፣ ለእነሱ ነው።

ከወራት በኋላ ዶክተሩ ከገበያ አንዲት ጊደር ገዝቶ እየነዳ ሰፈራችን ገባ። ከኪሱ ነው፣ ደሞዙን ስለማውቅ ስንት ቀን ሻይ እንዳልጠጣ ገባኝ። ደብሬ ጊደሯን ዞራ ዞራ አየቻት፣ ጥርሷን ገልጣ አየቻት። "እግሯ ቀጭን ነው" አለችና ወደ ጋጣ አስገባቻት። ታረቁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው አዲስ ዓመል አወጣ። ደም ከቀዳ በኋላ ጮክ ብሎ "ፈትቻለሁ" ሳይል ንቅንቅ አይልም። ጥጃ ከሆነ ጡት ስትይዝ በዓይኑ አይቶ፣ ስትውጥ ጉሮሮዋን አይቶ ነው የሚሄደው። አንዴ ሽንዲ ከተማ ድረስ ሄደን፣ ጥጃይቱ እስክትጠባ ጭቃ ላይ ቆሞ ጠብቋል። ዶሮ ሲለቅ "ፈትቻለሁ"። ዓሣ ወደ ገንዳ ሲመልስ "ፈትቻለሁ"። ለልምምድ የመጡት ተማሪዎች ይሳሳቁበት ነበር። አንዷን ልጅ ጠጋ ብዬ "ሳቂ፣ ግን በይው" አልኳት። እሷም ማለት ጀመረች።

ጡረታ የወጣሁ ቀን የሸኙኝ በኬክ ነው። ጾም ስለነበር በዓይኔ በላሁት። ዶክተሩ ንግግር አላደረገም። በር ድረስ ሸኘኝ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተና አሞቀ፣ ከዚያ እጄን ያዘኝ። "እማማ አንጓች፣ ፈትቻለሁ" አለኝ። መንገድ ላይ ነው "ማን ያሰረኝን" ብዬ የመለስኩለት፣ እሱ ሳይሰማ።

ቆይቶ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ አገር ሄደ። በዓል ሲሆን ይደውላል፣ ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ የደብሬን ጊደር ነው።

በቀደም ጊደሯ ወለደች። የደብሬን ድምፅ በአጥር ሰምቼ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። እንዴት ያለች ጥጃ መሰለቻችሁ፣ ደረቷ ላይ ነጭ የላትም፣ ግን ጆሮዋ ረዥም። እርጥብ ናት፣ ጭድ ላይ ተኝታለች። ቁጭ ብዬ አየኋት። ውስጧ ያ ሰማይ አለ። ብር ወንዝ ዓሣ ውስጥ የነበረው፣ ሌባዋ ዶሮ ውስጥ የነበረው፣ እኔ ውስጥ ለዓይነት ያህል ያለው፣ እሷ ውስጥ ጢም ብሎ በየደጁ ቆሟል። እንገር ሳይመጣ ቀድሞ የገባ ዘበኛ። የሚያደርገኝን አጥቼ ስልኬን አወጣሁና ለዶክተሩ ደወልኩለት።

"ደብሬ ጥጃ ተወለደላት" አልኩት።

እንዴት ነዎት እንኳ አላለም። "እንገሩን ጠጣች?" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ደግሞ "ለእትዬ ደብሬ ይንገሩልኝ፣ ፈትቻለሁ ይበሏት። አሁኑኑ ይንገሯት" አለኝ።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ወደ ደብሬ ዞርኩ። የማለቢያዋን ቅል አጥባ በግንባሯ ላይ ያለውን ላብ በክንዷ እየጠረገች ነው።

"ዶክተሩ ነው፣ ፈትቻለሁ ይልሻል" አልኳት።

"ማን ጠብቆት" አለች ደብሬ። "ገና እግሯ ሳይጸና አጥብቻታለሁ በይው።"